የካፒቴኑ አሥራ አንድ ሰከንድ

ብርኖ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ፣

የጌታ ሰላም ከእኔ ቀድሞ ቀበና ይድረስልዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቤቱስ ክረምቱን ደህና ወጣ? እኛ እዚህ ቼክ አገር፣ እኔም፣ ባለቤቴ ያናም፣ ልጃችን ሩታም፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜን ሲያዩ ማን ነው ይሉ ይሆናል። የአክስትዎ ልጅ የደብሪቱ ልጅ፣ ኤልቃና ነኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ የጻፉልኝ የማጽናኛ ደብዳቤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መልስ ሳልሰጥ ስድስት ዓመት አለፈ፤ ሳስበው አፍራለሁ። ባለፈው ወር ስልክዎን ብሞክር ይጠራል እንጂ የሚያነሳው የለም።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነገር የልጅ ነገር ነው፤ ይታገሡኝ። እዚህ አሮጌ ፊልሞችን ብቻ የሚያሳይ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ። በዚህ መስከረም «ከአልዳ ማዶ» የሚባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማሳየት ጀመረ። ያቺ ከካርቶን የተሠራችው መርከብ፣ ያ ፀጉሩ በነፋስ የማይነቃነቅ ካፒቴን፣ ሐኪሟ ሌናም እንደነበሩ አሉ። ሌና አፏን ከፍታ በቼክ ቋንቋ ስትናገር ግን ደነገጥኩ። ቋንቋውን ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ሆኖም ድምፁ የእሷ አልመሰለኝም። ለእኔ የሌና ድምፅ እርስዎ በአማርኛ የተናገሩላት ነው። ልጅ ሆነን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን የሰማነው እሱን ነው። «ይቺ እኮ የእኛ ዘመድ ናት» ብዬ ለጎረቤት ልጆች ስናገር ማንም አላመነኝም ነበር።

ንግግሮቹን ያስታውሷቸዋል? «ካፒቴን፣ ፕላኔቷ የለችም።» «የት ሄደች?» «አልተናገረችም።» የብረቱ ሰው ደግሞ «እኔ ልብ የለኝም፤ ቢሆንም ቅር ብሎኛል» ይል ነበር። ሦስት ዓይን ያለው ንጉሥ እስረኞቹን «ወደ ሞታችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ጫማችሁን አውልቁ» ሲላቸው አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ይደርስ ነበር። ያኔ ጥፋቱን ሁሉ በተርጓሚው ላይ ነበር የምንጥለው። አሁን በዋናው ቋንቋ ስሰማው ልክ እንደዚያው ነው። ጫማው እንኳ አለ። ሰውየውን አርባ ዓመት ሙሉ በሐሰት ስናማው ኖረናል።

ማን ነበር የተረጎመው? ጊዜ ቢኖርዎት ይጻፉልኝ። እኔ በወገቤ ሕመም ምክንያት ከትራም ጋራዡ በጊዜ ጡረታ ስለወጣሁ፣ ለማንበብ ጊዜ ሞልቶኛል።

አክባሪዎ
ኤልቃና ዋቅጅራ


ቀበና፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቃና፣

እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ። ለያናና ለሩታ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ደብዳቤህ በሐመልማል በኩል ደረሰኝ። ሐመልማል የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ሲግናል ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፣ የፖስታ ሳጥኑም የእሷ ነው።

ስልክ የማላነሳው ኩራት ይዞኝ አይደለም። ጆሮዬ ሄዷል። ግራው ከሄደ አራት ዓመት ሆነው፤ ቀኙ ማዳመጫ ሲደረግለት ከአጠገቤ ያለ ሰው ሲናገር ይሰማል፤ ስልክ ላይ ግን የሚሰማኝ የንብ ድምፅ ብቻ ነው። የማዳመጫው ባትሪ እዚህ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በሽምብራ ፍሬ ልክ የሆነች፣ ቁጥሯ 13 የሚል ናት። ካላስቸገረህ ጥቂት ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ስለዚያ ፊልም ባታነሳብኝ ደስ ባለኝ። ካነሳኸው ግን ልንገርህ። የተረጎመው ዓምደ ሚካኤል የሚባል ሰው ነው፤ ካፒቴኑንም እሱ ነበር የሚናገረው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በወረቀት ይመጣለታል፤ ሥዕሉን የሚያየው እንደኛው በቀረጻው ቀን ነው። ጎበዝ ሰው ነበር። እኔም በሥራዬ እኮራ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ዘጠነኛውን ክፍል ታስታውሳለህ? ሌና ለብቻዋ ወደ በረዶው ጨረቃ ልትወርድ የጠፈር ልብሷን ለብሳለች። ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንዲህ ይላታል፦ «ሌና፣ ሙቀትሽ ከመመሪያው በላይ ነው። ቢሆንም ያለ አንቺ መርከቡ ይበርደዋል።»

ቅዳሜ ማታ ታየ። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስወጣ ትኬት ቆራጩ «ሙቀትሽ ከመመሪያው በላይ ነው» አለኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያም፣ በዳቦ ሰልፍም፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ተከተለኝ። ለአንተ የልጅ ጨዋታ ነበር፤ አልፈርድብህም። ወደ እኔ ግን በዚያ ወር አንድ የደን ባለሙያ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጨዋ ሰው ነበር፣ እኔም ወድጄዋለሁ። እናቱ «በአገር ፊት ሙቀትሽ ስትባል ያመሸች ልጅ ቤቴ አትገባም» አለች። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ሌላ ሰውም አልመጣም። በዓመቱ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ለቅቄ መዝገብ ቤት ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ዓምደ ሚካኤልን ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ በቀር አናግሬው አላውቅም።

ካነሳኸው አይቀር አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። አንተ ቋንቋውን ታውቃለህ። ሰውየው እዚያች ቦታ ላይ በእውነት የሚለው ምንድን ነው?

አክስትህ
ፈትለወርቅ


ብርኖ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትለወርቅ፣

ልደትን በሰላም አሳልፈው ጥምቀትን በጤና እንዲቀበሉ ምኞቴ ነው። ከዚህ ጋር ስድሳ ባትሪ ልኬያለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያናም ሰላም ትልዎታለች።

በመጀመሪያ ይቅርታ። ያንን አረፍተ ነገር እኔም በየመንገዱ ስጮህ የኖርኩ ልጅ ነኝ። ምን እንዳደረገብዎ አላወቅሁም ነበር።

ዘጠነኛው ክፍል ባለፈው ሐሙስ ታየ። አስቀድሜ ለመቅዳት አዘጋጅቼ ስለነበር አምስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሌና ልብሷን ትለብሳለች። «ዝግጁ ነኝ» ትላለች። ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ጀርባው ብቻ ይታያል። ከዚያ ምንም የለም። አንድም ቃል አይናገርም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ እዝ ይላል። በሰዓቴ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ከዚያ በሩ ይከፈትና ትወጣለች።

ምናልባት እዚህ ቆርጠውት ይሆናል ብዬ የጣቢያውን የንግግር ጽሑፍ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት አስፈልጌ አገኘሁ። እዚያም ላይ «ዝምታ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ እትዬ፣ ቃሉ የዓምደ ሚካኤል የራሱ ነው። ሰው በዝምታ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አውጥቶ የሚናገረው በሆዱ የያዘው ነገር ቢኖር ነው። ለሌና አልነበረም የተናገረው። ለእርስዎ ነበር። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ፤ እርግጠኛም ነኝ።

በሕይወት አለ? ካለ ሄደው ቢጠይቁት ምን ይመስልዎታል?

አክባሪዎ
ኤልቃና


ቀበና፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቃና፣

ሰላምህ ይብዛ። ባትሪው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤህን ካነበብኩ አንድ ወር አለፈኝ፤ ቶሎ ያልጻፍኩት የምጽፈው ነገር እስኪኖረኝ ነው።

ዓምደ ሚካኤል አለ። የት እንዳለ ሐመልማል ታውቅ ኖሯል፤ እኔ ጠይቄያት ስለማላውቅ ነግራኝ አታውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ፣ ለብቻው የዛፍ ችግኝ እያፈላ ይኖራል አለችኝ። ሦስት እሑድ ልሄድ ተነስቼ ተመልሻለሁ። በአራተኛው በሚኒባስ እስከ ፈረንሳይ ሄድኩ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ሁለት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ እያለፉኝ «ይበርቱ እናቴ» አሉኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ጎንበስ ብሎ በጥቁር ላስቲክ አፈር ይሞላል። ቀና አለ።

«ፈትለወርቅ ነኝ» አልኩት።

«ድምፅሽ መች ጠፋኝ» አለ።

ግቢ ሳይለኝ፣ አርባ ዓመት የያዝኩትን በሩ ላይ ቆሜ አፈሰስኩት። አውቶቡሱን፣ ለቅሶ ቤቱን፣ የደኑን ባለሙያ፣ የእናቱን ንግግር፣ ሁሉንም። እጁ ላይ ያለው አፈር እየደረቀ ቆሞ ሰማኝ። መልሱ እንዳያመልጠኝ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ተጠጋሁትና ጠየቅሁት።

«ወረቀቱ ላይ ካፒቴኑ ዝም ነው የሚለው?»

«አዎ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ተናገርክ?»

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ «ዝምታ አይፈቀድልንም ነበር» አለ። «ኃላፊው ድምፅ ከጠፋ ሕዝቡ ጣቢያው ተበላሸ ይላል ብሎናል። ቀዩ መብራት በርቷል፣ ወረቀቱ ባዶ ነው። ቀና ስል ከመቅረጫው በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የመሣሪያው ማስጠንቀቂያ ታየኝ። ‹ሙቀቱ ከመመሪያው በላይ ሲሆን ለኃላፊ አሳውቁ።› አነበብኩት። ሌላ ምንም አልነበረም።»

«የግድግዳ ወረቀት ነው ያነበብክልኝ?»

«የግድግዳ ወረቀት ነው።»

ውኃ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ። አንድ የወይራ ችግኝ እንድወስድ አነሳልኝ፤ አልፈልግም አልኩት። እስከ መንገዱ ሸኘኝ። የሽማግሌውን ነገር እስከዛሬ እንዳልሰማ ነገረኝ፤ ማንም አልነገረኝም አለ። እሱን አመንኩት።

ስወርድ ሳቄ መጣብኝ። ለብቻዬ እየሳቅሁ የምወርድ አሮጊት ሆንኩ፤ መንገድ ላይ ያሉ ልጆች ዘወር ብለው አዩኝ። ቤት ስገባ ግን እንደ ሳቅ አልሆነልኝም። ልጄ፣ አንተ እርግጠኛ ነኝ ብለኸኝ ነበር። ባትጽፍልኝ ኖሮ ቂሜን ይዤ በሰላም እኖር ነበር። አልቆጣህም። ግን ሰውን ዳገት ከማስወጣትህ በፊት ሁለት ጊዜ አስብ።

አክስትህ
ፈትለወርቅ


ብርኖ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈትለወርቅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፋሲካን እንዴት ዋሉ? ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ዝምታው እውነት ነው፤ በዚያ አልዋሸሁም። «እርግጠኛ ነኝ» ያልኩት ግን እውነት አልነበረም። አንድ ሰው ለሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብሎ እንዲሆን ስለተመኘሁ ነው የጻፍኩት።

ያና ከቤት ከወጣች ሰባት ዓመቷ ነው። አሁን የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ ከሌላ ሰው ጋር ነው። ሩታ በልደቴ ቀን መልእክት ትልክልኛለች፤ ባለፈው ዓመት ረሳችው። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ የጻፍኩት ለብቻዬ ሆኜ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ጊዜ አለ። ሱቁም አሁን በማሽን ሆኗል፤ የዕቃዬን ዋጋ ራሴ በማሽኑ አስነብቤ፣ ከፍዬ እወጣለሁ።

የባሰውን ልንገርዎ። «ከአልዳ ማዶ» ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እዘጋና በአማርኛ እኔ እናገርላቸዋለሁ። የካፒቴኑንም፣ የብረቱን ሰውም፣ የንጉሡንም። የማስታውሰውን እንደነበረው እላለሁ፣ የረሳሁትን እፈጥራለሁ። ሌናን ብቻ አልሞክራትም። ባለፈው ሳምንት የታችኛዋ ጎረቤቴ በሩን አንኳክታ «እንግዶች አሉህ?» አለችኝ። «ዘመዶቼ ከኢትዮጵያ መጥተዋል» አልኳት። በማግስቱ ለእንግዶቹ ኬክ ጋግራ አመጣች። ለብቻዬ በላሁት።

በእኔ ምክንያት ዳገት ስለወጡ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚህ በኋላ ባይጽፉልኝ እረዳለሁ።

ኤልቃና


ቀበና፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቃና፣

ብቻህን ያልተወህ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤህ በሦስት ሳምንት ደረሰኝ፤ እኔም ዛሬውኑ እመልሳለሁ።

የያናን መሄድ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤህ አውቄዋለሁ። «እኔም» ካልክ በኋላ ነጥቡ ደምቆ ወረቀቱን ሊበሳ ደርሷል። እስክሪብቶህን አቁመህ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የሰው እጅ የት እንደሚያመነታ አያለሁ። እንድትናገር ብዬ በመልሴ ሰላምታ ላክሁላት፤ እምቢ አልክ። አሁን ተናገርክ፣ ይበቃል።

ኬኩን ስላመጣችልህ ሴትዮ፣ ሳህኑን ባዶውን አትመልስላት።

አሁን ደግሞ የእኔን ስማ። ባትሪ ከዚህ በኋላ አትላክ። ሐኪሙ ቀኙም አበቃ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም። ጸጥ ብሏል። መንገድ ስሻገር ከመፍራቴ በቀር እየለመድኩት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከፈረንሳይ ከወረድኩ በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሐመልማል የመቅረጫው ሠራተኛ ነበረች፤ ያ ማስጠንቀቂያ ስድስት ዓመት ከፊቷ ተለጥፎ ነበር። ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅኋት። በወረቀት ጻፈችልኝ። «ሙቀቱ ከመመሪያው በላይ ሲሆን ለኃላፊ አሳውቁ» ብሎ ያበቃል። ያለ አንቺ መርከቡ ይበርደዋል የሚል ግድግዳው ላይ የለም።

ተመልሼ ወጣሁ። በሩ ተቆልፏል። ዓምደ ሚካኤል ደረቱን ታሞ ልጁ በርናባስ ሲ.ኤም.ሲ. ሰፈር ወዳለው ቤቱ እንደወሰደው ጎረቤቱ ጽፎ አሳየኝ፤ የልጁንም ስልክ ሰጠኝ። ሲ.ኤም.ሲ. ሄጄ ከልጁና ከምራቱ ፊት «የኋለኛውን ከየት አመጣኸው?» ብዬ ልጠይቅ አልችልም። የሚመልስልኝንም አልሰማም። ቁጥሩን ከታች ጽፌልሃለሁ። አንተ ደውልና ጠይቅልኝ። እንደነገረህ ጻፍልኝ። ከራስህ አንድ ቃል አትጨምር።

አክስትህ
ፈትለወርቅ


ብርኖ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ፈትለወርቅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በማግስቱ ደወልኩ። እያወራሁ በወረቀት ላይ ስጽፍ ስለነበር ከዚህ በታች ያለው እንዳለ የእሱ ነው።

መጀመሪያ ልጁ አነሳና አባቱ እያረፈ መሆኑን ነገረኝ። ከውጭ አገር የቀድሞ ሥራውን በሚመለከት ነው የምደውለው አልኩት። ስልኩን ሰጠው። ትንፋሹ ያጥራል፤ ድምፁ ግን ካፒቴኑ ነው፣ ወዲያው ነው ያወቅሁት።

«የፈትለወርቅ ዘመድ ነኝ» አልኩት።

«ልካህ ነው?»

«አዎ። ራሷ እንዳትደውል አሁን ጨርሶ አትሰማም።»

ከዚያ አንድ ሰው ከክፍሉ እንዲወጣና በሩን እንዲዘጋ ሲጠይቅ ሰማሁ።

«የኋለኛው ከግድግዳው ላይ አልነበረም» አለኝ። ጥያቄውን ገና አልጠየቅሁትም።

«ከየት ነበር?» አልኩት።

«ከእኔ ነው። በርናባስ ያኔ በእናቱ ሆድ ነበር። ባለትዳር ነኝ። ለፈትለወርቅ አንዲት ቃል የማለት መብት አልነበረኝም፤ ብዬም አላውቅም። መጀመሪያ ግድግዳውን አነበብኩ፤ እሱ እውነት ነው፣ ደንግጬ ነበር። ከዚያ ገና ጊዜ ተረፈኝ። ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጥቷል፣ አፉ አይታይም። ያለኝን አልኩ። ከዚያ ሥራው አለቀና ቤቴ ሄድኩ።»

«እሷስ?»

«ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ቀና ብላ ታየኛለች ብዬ ነበር። ገጹን ገለጠች።»

ለምን ባለፈው ጊዜ እንዳልነገረዎት ጠየቅሁት።

«ልነግራት ነበር። የሽማግሌዎቹን ነገር ስትነግረኝ ግን አፌ ተያዘ። ትዳሯ በግድግዳ ወረቀት ፈረሰ ቢባል ስቃ ትተወዋለች፤ በእኔ ፈረሰ ቢባል ግን ምን ታደርገዋለች ብዬ። ሰው ሲስቅባት እኔም ቢሮ ውስጥ አብሬ ስቄያለሁ፣ እሱንም ንገራት። ይቅርታ አልለምንም፣ ከይቅርታ ያለፈ ነው። ማወቁ ግን የእሷ ነው።»

ከዚያ ሳል ያዘው። ልጁ ገብቶ ስልኩን ተቀበለው። ይኸው ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ኤልቃና


ቀበና፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልቃና፣

በሰላም ዋል። ደብዳቤህን ሐመልማል ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደብተር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽህም። ሁለት ሳምንት ተናድጄ ነው የሰነበትኩት። እሱ የሆዱን አውጥቶ ተነፈሰና ወደ ሚስቱ ገባ። እኔ ተሸክሜው ቀረሁ።

ነገር ግን አንተ የራስህን ነግረኸኛልና እኔም አንድ ነገር ልንገርህ። ገጹን የገለጥኩት አውቄ ነው። ከዚያ ገጽ ላይ ገና የሚነበብ ነበረኝ። ድምፁ የካፒቴኑ አለመሆኑን በጆሮዬ ለይቼዋለሁ፤ ያኔ ጆሮ ነበረኝ። ቀና ብል ፊቴን ያየዋል። ሚስቱን አውቃታለሁ፣ ከሳምንት በፊት ቤቷ በልቻለሁ። ገለጥኩት። በኋላ ሰው ሁሉ ሲስቅ «ቀልድ ነበር እንጂ» ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ አሳምኜም በእሱ ላይ ቂም ያዝኩ። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለዓምደ ሚካኤል አትንገረው። ታምሟል፣ ይረፍ። ደብዳቤው ደርሷታል፣ አንብባዋለች በለው። ሌላ ምንም አትበል።

አሁን ደግሞ ስለ አንተ። ለቴሌቪዥን መናገርህን አላፌዝብህም። የማይሰማህን ሰው ማናገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እኔም ለድመቷ እናገራለሁ። ግን እንዲህ እናድርግ። አንደበቴ ደህና ነው። እሑድ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቴ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲበራ አየዋለሁ። አንስቼ እናገራለሁ። አንተ ስማ። የምትመልሰው ካለህ ጻፍልኝ። ምን እንደማወራህ አላውቅም፤ የቀበናን ወሬ ነዋ።

አክስትህ
ፈትለወርቅ


ብርኖ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈትለወርቅ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ትናንት እንደተባባልነው ደወልኩ፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሱት።

«ኤልቃና፣ አንተ መሆን አለብህ» አሉኝ። «እናገራለሁ እንግዲህ።» የጣሪያው ቆርቆሮ በመኝታ ቤቱ በኩል ማፍሰሱን፣ ሐመልማል የልጇን ልጅ ክርስትና ማስነሳቷን፣ ከዓምደ ሚካኤል ቤት አንድ ሰው መጥቶ እንደተሻለው በወረቀት ጽፎ እንዳሳየዎት፣ እርስዎም እሰየው ብለው እንደመለሱት ነገሩኝ። በሾላ ገበያ የቃሪያውን ዋጋ ነገሩኝ። ድመቷ መውለዷንም ነገሩኝ። ድምፅዎ ወፍሯል፣ ትንሽም ይጮኻል፤ እርስዎ ስለማይሰሙት ይሆናል። ግን እሱው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ የጀመርኩትን መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ከዚያ «በቃ፣ ሳምንት እንገናኝ» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መዝጋቱን ግን ረሱት።

አልዘጋሁትም። ይቅርታ፣ ሳልነግርዎ አዳመጥኩ። ነጠላ ጫማዎ ወለሉ ላይ ሲሄድ ሰማሁ። አንድ በር ሲጥጥ አለ። ዝናቡ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ነጠብ ነጠብ አደረገው፣ ከዚያ ወረደበት። ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የቀበና ወንዝ ነው፣ ሞልቶ። ውጭ አንዲት ሴት «ልብሱ ራሰ፣ አስገቡት» ብላ ለሦስት ጊዜ ተጣራች። እርስዎ አልሰሟትም። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

ከዚያ ልጆች እየሮጡ መጥተው ከገመዱ ላይ ሲሰበስቡልዎ፣ እርስዎም በሩን ከፍተው ሲመርቋቸው ሰማሁ። ሻይ አፈላችሁ። ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል። አንደኛው ልጅ ስልኩን አይቶ «እማማ፣ ሰው አለ እኮ እዚህ» አለ። ማንም አልመለሰለትም። «ሄሎ?» አለ።

«ሄሎ» አልኩት።

«ማነህ?»

«ዘመድ ነኝ» አልኩት። «ተወው፣ እንዲያው እንዳለ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው።

ኤልቃና